መስኮት የሌለው አዳራሽ

ፒያሳ ሰው በሞተባት ቁጥር ገዳዩን ከፖሊስ ቀድማ ታውቃለች፤ ችግሯ አብዛኛውን ጊዜ መሳሳቷ ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ግም ባለበት በዚያ ሰኞ ጠዋትም የመሐንዲስ ደምመላሽ ሬሳ ከወደቀበት ሳይነሳ፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ያለው ወሬኛ ሁሉ ፈርዶ ጨርሶ ነበር። ገዳይዋ ሸሪፋ ናት፤ ከሟቹ መሥሪያ ቤት ሥር ክርና አዝራር የምትሸጠው መበለት።

ሃምሳ አለቃ መርሻም ከወሬኛው አልተሻለም። ሴትዮዋን ከሱቋ ጎትቶ አወጣና እጇን በካቴና አስሮ በመሃል ፒያሳ እየነዳ ወደ ጣቢያ ወሰዳት። ልብስ ሰፊዎቹ መርፌያቸውን አቁመው አዩ። የቡና ቤቱ ደንበኞች ስኒያቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ወጡ። ሸሪፋ አንገቷን አልደፋችም፤ ሻሿ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ሲወድቅ ግን እጇ ታስሯልና ልታነሳው አልቻለችም። ያን ጊዜ ብቻ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንድ ሰው እንኳ ቀረብ ብሎ ሻሿን አላነሳላትም፤ አራዳ ነን ባዮች ሁሉ እዚያው ነበርን፣ ያሳፍራል።

ሻምበል ገብረአብ የተጠራው ከዚህ በኋላ ነው። አጭር ቀጭን ሰው ነው፤ ሲጋራ ከተወ ወዲህ ቅርንፉድ ያኝካል። አለቆቹ ብዙም አይወዱትም፤ አለቀ የተባለን ነገር መልሶ መጎርጎር ልማዱ ነው። ሃምሳ አለቃው በር ላይ ተቀበለውና ነገሩ ማለቁን አበሰረው።

«ካለቀ እኔ ለምን ተጠራሁ?»

«ሟቹ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ፊታውራሪም አሉበት። የሻምበል ፊርማ ያስፈልጋል ተባለ።»

«እንግዲያው ፊርማዬ እስኪደርስ እኔ ሬሳውን ልይ» አለና ገባ።

ቤቱ ድሮ ህንድ አናጢዎች የሠሩት፣ የእንጨት ሰገነት ያለው፣ ሲረግጡት የሚያቃስት የፒያሳ ቤት ነው። ደምመላሽ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት በሚያወርደው ደረጃ ሥር በጀርባው ተኝቷል። የራስ ቅሉ ኋላ ከድንጋዩ መድረክ ጋር ተጋጭቶ ተሰብሯል። እግሮቹ ግን ቀጥ ብለው ገጥመዋል፤ እጆቹ ከጎኑ ተዘርግተዋል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል። ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ ክንዱን ሞከረው። ደርቋል፤ ከሞተ አድሯል ማለት ነው።

ማን ነካው ብሎ ጠየቀ። ማንም አልነካውም አለ መርሻ። ጠዋት ሟቹ የሚሠራበት ማኅበር ሰዎች፣ ፊታውራሪ አባይነህ፣ ግሪኩ ሙሴ ያኒና የሟቹ ታላቅ ወንድም አቶ ወልደሥላሴ፣ ለስብሰባ አብረው ሲገቡ እንዲሁ ሆኖ ነው ያገኙት። ወንድምየው እግሩ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ፊታውራሪ ጎትተው አነሱት፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ተዘግቶ ፖሊስ ተጠራ። ሸሪፋ ደግሞ ትናንት እሁድ ቀትር ላይ ከዚሁ ቤት እያለቀሰች ስትወጣ ሰፈሩ በሙሉ አይቷታል። ባሏ አብዱልሃኪም የዚህ ማኅበር የካሚዮን ሹፌር ነበር። ሲሚንቶ ጭኖ ሲሄድ መኪናው በረሃ ላይ ተሰብሮበት በውሃ ጥም ሞተ። እሷም በጾም መያዣ ሰሞን ራስ መኮንን ድልድይ ላይ መሐንዲሱን አግኝታ፣ «አንተም ውሃ እንዳማረህ ነፍስህ ትውጣ» ብላ በሰው ፊት ረግማዋለች። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ሻምበሉ የሟቹን ጫማ እያየ ነበር። ማሰሪያው በደንብ ተቋጥሯል፤ የካልሲው ተረከዝ ግን ዞሮ ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ በፊት በኩል ወጥቷል። ጫማውን በቀስታ አወለቀ፤ ካልሲውንም ገፈፈ። በሁለቱም እግሮች አውራ ጣት ዙሪያ ቀጭን የእስራት ምልክት አለ። በአንደኛው እግር ጣቶች መካከል ደግሞ ነጭ የክር ቁራጭ ተጣብቆ ቀርቷል።

መርሻ ደስ አለው። «ክር! ክር ሻጭ አይደለች እንዴ?»

«ነች» አለ ሻምበሉ፤ ቁራጩን በመሐረቡ ጠቀለለና ወደ ፎቅ ወጣ።

ፎቅ ላይ ያለው ክፍል መሃል አንድ ከተማ ተቀምጧል። ከጄሶና ከካርቶን የተሠራ ምስል ነው፤ ትልቅ ጠረጴዛ ሞልቷል። ቢጫ አሸዋ የተነሰነሰበት ሜዳ፣ በሜዳው የሚሮጥ አንድ አውራ ጎዳና፣ ከጎዳናው ግራና ቀኝ እንደ ተሰደሩ ጥርሶች ነጫጭ ሆቴሎች። ከሁሉ መሃል አንድ ሰፊ፣ ድፍን፣ መስኮት የሌለው አዳራሽ ተጎልቷል። ሦስቱ ሰዎች በዙሪያው ተቀምጠዋል። ሻምበሉ ምስሉን ዞሮ ሲያይ ቆየና ምንድነው ብሎ ጠየቀ።

ፊታውራሪ አባይነህ ቀድመው መለሱ። ግዙፍ ሽማግሌ ናቸው፤ በአርበኝነት ዘመን የጣሊያን ጥይት ያገኘው ግራ ክንዳቸው ከትከሻቸው ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ካባቸውን እንኳ ሰው ነው የሚያለብሳቸው። ከአዋሽ ማዶ ባለው በረሃ የሚቆም የጨዋታ ከተማ ነው አሉ፤ አረቡም፣ ፈረንጁም፣ የእኛም ሀብታም መጥቶ ቁማር የሚጫወትበት። ደምመላሽ አሜሪካ ሳለ ላስ ቬጋስ በሚባል የበረሃ ከተማ ሆቴል ሲነድፍ ነው የኖረው፤ እሳቸው ናቸው ጠርተው ያመጡት።

«ይህን ከተማ ማንም አያስቆመውም» አሉ። «እሁድ የት ነበርክ ብለህ ልትጠይቀኝ ነው፤ ቤቴ ነበርኩ። ምስክሮቼ ሎሌዎቼ ናቸው፤ ሎሌ ደግሞ ጌታው ያለውን ነው የሚለው። ብትፈልግ እመነኝ፣ ባትፈልግ ተወው።»

ሙሴ ያኒ ፒያሳ ተወልዶ ያደገ፣ የካርታ መጫወቻ ቤት ያለው ግሪክ ነው። እሁድ እቤቱ ሆኖ ብቻውን ካርታ ሲጫወት እንደዋለ ተናገረ፤ ማን አሸነፈ ቢባል ግን አላውቅም አለ። እሱ የሚያወራው ስለ ከተማው ብቻ ነው። ደምመላሽ ያጫወተውን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ያቺ ላስ ቬጋስ ድሮ ሣር ያላት የምንጭ ዳር ነበረች፤ መንገደኛ ከብቱን የሚያጠጣባት። ባቡር መጣና ውሃዋን ፈልጎ ቆመባት፤ መሬቷ በጨረታ ተቸበቸበ። ከዚያ ትልቅ ግድብ ሊገነባ ሠራተኛ ጎረፈ፤ ሠራተኛ ደግሞ ይጠማል፣ ይጫወታል። ብልጦቹ ባለሆቴሎች ከከተማው ወሰን አለፍ ብለው በአውራ ጎዳናው ዳር ተሰለፉ፤ የከተማው ግብር አይደርስባቸውማ። ከሕንጻው ይልቅ በር ላይ የተተከለው ባለመብራት ሰሌዳ ይረዝማል፤ ሰው በመኪና እየበረረ ነዋ የሚያየው።

«አዳራሹ ግን» አለ ያኒ ጣቱን ወደ ድፍኑ ሕንጻ ቀስሮ፣ «መስኮት የለውም፣ ሰዓትም አይሰቀልበትም። ተጫዋቹ ይምሽ ይንጋ እንዳያውቅ ነው። አንድ በር ብቻ፣ እሱም ወደ መንገዱ፣ አፉን ከፍቶ። ጠዋት ስገባ ያናደደኝ ይኸው ነው። ማነው አዙሮ ያስቀመጠው? በሩን ለአሸዋ ሰጥቶ፣ ጀርባውን ለመንገድ!»

ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነት ነው። አዳራሹን በሁለት እጁ ሞከረው፤ ኮላው ገና በደንብ አልያዘም ነበርና ተላቆ ተነሳ። ከሥሩ ክብ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ትኩስ ነው። ከሰማያዊው ክብ ተነስቶ ወደ አሸዋው ዳር የሚሄድ ጠባብ መንገድም ተስሏል። ሻምበሉ አዳራሹን እንደነበረ መልሶ አስቀመጠና ቅርንፉዱን ከአንድ ጉንጩ ወደ ሌላው አዞረ።

ሦስተኛው ሰው አቶ ወልደሥላሴ ናቸው፤ የፊታውራሪ ጸሐፊ፣ የሟቹ ታላቅ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን አንገታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በአንዱ የነጠላ ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ ሌላውን ጫፍ በግራ እጃቸው ጨብጠውታል። አባታቸው ማይጨው ላይ ሲወድቅ ደምመላሽ ልጅ ነበር። እሳቸው ትምህርታቸውን ጥለው፣ የሰው ደጅ እየጠኑ አሳደጉት፣ አስተማሩት፣ ባሕር ማዶ ላኩት። እናታቸው ስታርፍ እሱ አሜሪካ ነበር፤ ገንዘው የቀበሩ እሳቸው ናቸው። ከተማው ሲሠራ ፊታውራሪ ከንቲባ ሊያደርጓቸው ቃል ገብተውላቸዋል። ወንድማቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ቅዳሜ እንደሆነ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ቤታቸው እንደሄዱ ተናገሩ። ሻምበሉ እግዜር ያጽናዎት ብሎ ተነሳ።

ሲወጣ የጓሮውን በር አየው። ከጓሮ በኩል ሌላ ደረጃ አለ፤ የዚያ በር ቁልፍ በሦስቱም እጅ እንደሚገኝ ፊታውራሪ ራሳቸው ነግረውታል። በዚያ የገባን ሰው መንገድ ላይ ያለው ፒያሳ አያየውም።

ጣቢያ ሲደርስ ሸሪፋ አግዳሚ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሻምበሉ ካቴናው ከፊት በኩል እንዲታሰርላት አዘዘ፤ እሷም መጀመሪያ ያደረገችው ሻሿን ማንሳት ነው። መርሻ አንቺ ሲላት ውሏል፤ ሻምበሉ እርስዎ ሲላት ግራ ገብቷት አየችው።

«ረግሜዋለሁ» አለች። «እርግማኔን አልክድም። አልገደልኩትም።»

«ታዲያ እሁድ ምን አስለቀሰዎት?»

ደምመላሽ ራሱ ነው የጠራት። ፈራ ተባ እያለ፣ አንዴ ብቻ ፎቅ ውጪና ልንገርሽ አላት፤ ወጣች። ያንን ከተማ አሳያትና ያኒ የማይተርከውን ተረከላት። እዚያ በረሃ ውስጥ ሆቴሉን የሚጠርጉ ጥቁሮች፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ አስፋልትና ቧንቧ በሌለው ሰፈር ነበር የሚኖሩት። ዘፋኞቻቸው መድረክ ላይ ወጥተው ባለገንዘቡን ሲያስጨፍሩ ያመሻሉ፤ ሲጨርሱ እዚያው ሆቴል መተኛት አይፈቀድላቸውም። እሱንም ራሱን፣ ንድፉ የእሱ የሆነ ሆቴል ሲመረቅ በር ላይ አቁመው መልሰውታል። በኋላ ሰዉ ተቆጥቶ፣ ሰልፍ እንወጣለን ብሎ፣ በግድ ተከፈተ። ከተማይቱ የበቀለችበት ምንጭ ግን ተመጥጦ ደረቀ።

«‹የእኛውም አዳራሽ ከረዩዎች ከብት የሚያጠጡበት ምንጭ ላይ ነው የተቀመጠው› አለኝ። ‹እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ባልሽ ለዚሁ አዳራሽ ሲሚንቶ ሲያደርስ በውሃ ጥም ሲሞት ነው የገባኝ› አለኝ።»

ከዚያ አዳራሹን በሁለት እጁ ነቅሎ ጠረጴዛው ሥር ወረወረው። በቦታው ምንጩን ሰማያዊ ቀባ፤ ለከብቶቹም መንገድ ሣለ። ነገ ሰኞ ፊታውራሪን አልሠራም እላቸዋለሁ፣ የሚመጣውን እቀበላለሁ አላት።

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ለዚያ ነው ያለቀስኩት።»

ሻምበሉ፣ መርሻ ምን እንዳላት ጠየቃት። ሸሪፋ ሳቀች፤ ሳቋ ደስ አይልም። ሃምሳ አለቃው «ሟቹ ሰክሮ ነበር፣ ሊደፍረኝ ሲታገል ገፈተርኩት በይ፤ ይቀልልሻል» ብሏት ነበር። ፊታውራሪም ይህን ቢሰሙ እንደማይጠሉት ጨምሮ ነግሯታል።

«ካላሉ ዛሬ ማታ ከርቸሌ ነዎት» አላት ሻምበሉ።

«እገባለኋ። የሞተ ሰው አፍ የለውም፣ እኔ አለኝ። በእሱ ላይ ግን አልከፍተውም።»

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁሉም ፎቅ ላይ በከተማው ምስል ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሸሪፋ ስትገባ ፊታውራሪ ፊታቸውን አዞሩ። ሻምበሉ ካቴናውን ፍታላት አለው ሃምሳ አለቃውን። መርሻ አንገራገረ። ሻምበሉ አልደገመለትም፤ እየጠበቀ ብቻ ቆመ፤ መርሻም ፈታ።

ሻምበሉ ከእግሩ ልጀምር አለ። ካልሲውን ተረከዙን ወደ ላይ አዙሮ ጫማ የሚያስር ሰው የለም፤ ይቆረቁራል። ስለዚህ ጫማና ካልሲውን ሌላ ሰው ነው አውልቆ መልሶ ያጠለቀው። ለምን? ጣቶቹ ላይ የክር ምልክት አለ። አውራ ጣትና አውራ ጣት በክር የሚታሰረው መቼ እንደሆነ እዚህ ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም። ሬሳ ሲገነዝ ነው።

«ከደረጃ የሚወድቅ ሰው ተንጋዶ፣ ተጣጥፎ ነው የሚቀረው፤ ዓይኑም ይፈጣል። ይህ ሰው ግን እግሩ ገጥሞ፣ እጁ ተዘርግቶ፣ ዓይኑ ተከድኖ ነው የደረቀው። ከደረቀ በኋላ ደግሞ እንዲህ አይስተካከልም። ሲሞት አጠገቡ የነበረ ሰው ወዲያው ገነዘው። ከዚያ ነቃና፣ ይህማ ያጋልጠኛል ብሎ ክሩን በጥሶ ካልሲና ጫማውን መለሰ። ዓይኑን መልሶ ለመግለጥ ግን አልጨከነም።»

መርሻ ግን፣ ክሩ ከሱቋ ነው አለ። ሻምበሉ መሐረቡን ፈትቶ ክሩን ብርሃን ላይ ያዘው። የሱቅ ክር በፋብሪካ የተገመደ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ዓይነት፣ ሰም የነካው። ይህ ግን የእጅ ፈትል ነው፤ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይቀጥናል። የነጠላ ዘርፍ ነው።

ቀጥሎ ወደ አዳራሹ ዞረ። እሁድ ቀትር ላይ ደምመላሽ ነቅሎ እንደጣለው ወይዘሮ ሸሪፋ ተናግረዋል፤ ከሥሩ ያለው ትኩስ ቀለምም ይመሰክርላቸዋል። ሰኞ ጠዋት ግን በቦታው ተገኘ። ስለዚህ ከእሳቸው በኋላ የገባ፣ መሐንዲሱ አልሠራም ማለቱ እንዳይታወቅ የፈለገ ሰው አለ።

«ይህቺ ሴት ባሏን የበላባትን አዳራሽ ከወደቀበት አንስታ በኮላ ትለጥፋለች? ደግሞም እስላም ናት። የባዕድ ወንድ ሬሳ አትነካም፤ ብትነካ እንኳ ፊቱን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ ነው የምታዞረው።»

ያኒ ላቡን ጠረገ። ሻምበሉ ቶሎ ገላገለው። አዳራሹን የመለሰው ሰው በሩ ወዴት መዞር እንዳለበት አያውቅም፤ መስኮት የሌለው ሕንጻ ለማያውቅ ፊቱም ጀርባውም አንድ ነው። የቁማር ቤት ሰው ግን በሩን ለአሸዋ አይሰጥም። ያኒ ቢሆን ኖሮ አሳምሮ ያስቀምጠው ነበር፤ የመለሰው እሱ ቢሆን ደግሞ ተሳስቷል ብሎ ለፖሊስ ባልጮኸ።

«እኔስ?» አሉ ፊታውራሪ፤ ድምፃቸው ይቆጣል። «እኔን አትፈራም?»

«አልፈራም፤ ግን እርስዎ አይደሉም። ጣት በክር ለመቋጠር፣ የጫማ ማሰሪያ መልሶ ለማሰር ሁለት እጅ ያስፈልጋል።»

«ሎሌ አለኝ እኮ።»

«ሎሌ ጌታው ያላዘዘውን አይገንዝም። ጌታ ደግሞ አስገድሎ ገንዙልኝ አይልም።»

ሁሉም ሳያስቡት ወደ አንድ ወንበር ዞሩ። አቶ ወልደሥላሴ ነጠላቸውን እንደጨበጡ ነበር።

«ወንድሜን?» አሉ። «ያሳደግሁትን?»

«ስላሳደጉት ነው ዓይኑን የከደኑለት» አለ ሻምበሉ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ጠዋት ስትገቡ እግሩ ላይ ተደፉ። ሰው ወንድሙ ወድቆ ሲያገኝ ወደ ፊቱ ነው የሚሮጠው፤ ትንፋሽ አለ የለም ብሎ። እርስዎ ግን ፊቱን ያውቁታል። የቀረ ክር እንዳለ ሊያዩ ወደ እግሩ ሄዱ፤ ፊታውራሪ ቀድመው አነሱዎት እንጂ። አሁን ያንን የጨበጡትን ጫፍ ይልቀቁት።»

አቶ ወልደሥላሴ አልለቀቁም። ዘርፉ የተበጠሰው ቤተ ክርስቲያን ግፊያ ላይ ነው አሉ። ሻምበሉ ክሩን በመሐረቡ መልሶ ጠቀለለ።

«ይሁን። እንግዲያው ለነፍስ አባቱ የምነግረው እንዲህ ነው። ደምመላሽ ሲሞት አጠገቡ ማንም አልነበረም። ዓይኑን የከደነለት የለም። እንደ ውሻ ብቻውን ደረጃ ሥር አደረ። እሳቸውም በቀብሩ ላይ ይህንኑ ይናገሩ።»

«አይባልም!» አሉ አቶ ወልደሥላሴ፤ ተነስተው ቆሙ። «ብቻውን አልሞተም። እኔ ይዤዋለሁ። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ዓይኑን በዚህ እጄ ነው የከደንኩት።»

ነጠላው ከእጃቸው ወደቀ። ጫፉ ላይ ዘርፉ ከሥሩ ተነጭቷል።

ከዚያ ወዲያ የሚያቆማቸው አልነበረም። እሁድ ሸሪፋ ከወጣች በኋላ በጓሮ ገቡ። ደምመላሽ አዳራሹን ነቅሎ አገኙት። ለመኑት፣ ተቆጡት፣ ያሳደግሁህ ለዚህ ነው ወይ አሉት። እሱ ግን አልሠራም አለና ደረጃውን ሊወርድ ዞረ። ያዙት፤ እጃቸውን ሲያስለቅቅ ገፈተሩት። ልገድለው አልነበረም አሉ። ምናልባት እውነታቸውን ነው።

«ዕድሜ ልኬን ‹አቤት› ስል ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹አቤት› ልባል ፈለግሁ። ይኸው ነው። የከተማ ሹም ልሆን ነበር፤ እሱ ለከብት ውሃ ብሎ ነጠቀኝ።»

ሸሪፋ ቀረብ አለቻቸው።

«ጠዋት እኔን ሲነዱኝ ሰገነቱ ላይ ቆመው ያዩ ነበር» አለች። «አይቼዎታለሁ። ለወንድምዎ የራራው ልብዎ ለእኔ የት ሄዶ ነው?»

ሻምበሉ ራሱ የአቶ ወልደሥላሴን ክንድ ይዞ፣ ያለ ካቴና፣ ወደ ጓሮው ደረጃ ወሰዳቸው። ፊታውራሪ ከኋላቸው፣ መሐንዲስ አይጠፋም፣ ከተማው ይሠራል እያሉ ነበር። ያኒ ባርኔጣውን አንስቶ፣ እኔ የለሁበትም አላቸው። ቁማርተኛ ሬሳ የወጣበትን ነገር እንደሚሸሽ፣ ይህ ወሬ ዛሬውኑ አዲስ አበባን እንደሚያዳርስ ነግሯቸው ወጣ። ፊታውራሪ ከአሸዋው ከተማ ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

ዝናቡ አባራ። ሃምሳ አለቃ መርሻ ሸሪፋን፣ በይ ወደ ሱቅሽ ግቢ፣ ነጻ ነሽ አላት፤ ከዚህ ደረጃውን ወርዶ ሱቁ ነው። እሷ ግን በሱቋ አልፋ ወደ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ መሄድ ጀመረች። መርሻ ወዴት ነው ብሎ ተከተላት። እሷም አልቆመችለትም። ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ዞረች።

«ከሱቄ እስከዚህ እጄን አስረህ፣ ራሴን አራቁተህ፣ ሰው እያየ ነዳኸኝ። አሁን ከዚህ እስከ ሱቄ ትመልሰኛለህ። ገዳይ አለመሆኔንም ሰው እየሰማ ትናገራለህ።»

መርሻ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሻምበል ገብረአብ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ያየዋል። ምንም አላዘዘውም። ቅርንፉዱን እያኘከ ብቻ አየው።

ሃምሳ አለቃው ቆቡን አውልቆ ከጎኗ ሄደ። ፒያሳ እንደ ጠዋቱ ወጥታ ቆማለች፤ ልብስ ሰፊዎቹም፣ የቡና ቤቱ ሰዎችም፣ ወሬኛውም ሁሉ። ሱቁ ፊት ለፊት ሲደርሱ መርሻ ጉሮሮውን ጠረገና መሬት መሬት እያየ፣ ወይዘሮ ሸሪፋ ንጹሕ ናቸው፣ የያዝናቸው በስህተት ነው አለ።

ሸሪፋ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ተራ አየች፤ ከዚያ ወደ በረንዳው።

«እዚያ ማዶ ያሉት አልሰሙም» አለችው። «ድገመው።»